በእኔ ኮምፒውተር የወጣው ዕጣ

ድሮ ሰው መጠርጠር አላውቅም ነበር። ከዚያ መስከረም በኋላ ግን የራሴን ጥላ እንኳ ማመን አቃተኝ።

ሪዮኔግሮ በምትባል ከተማ ውስጥ አበባ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ዊልማር ደግሞ የቢሯችንን ኮምፒውተሮች የሚጠብቅ ባለሙያ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ዓይነ አፋር። አፉን የሚከፍተው ሊገሥጸን ብቻ ነው።

«በነጻ የተገኘ ፕሮግራም አትጫኑ! እንደ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል።»

መስከረም በእኛ አገር የፍቅርና የወዳጅነት ወር ነው። ዕጣ እናወጣና እያንዳንዳችን ለደረሰን ሰው ማንነታችንን ሳንገልጥ ጣፋጭ እናስቀምጣለን። ሌላ ጊዜ ስሞቹን ባርኔጣ ውስጥ ነበር የምንከተው፤ በዚያ ዓመት ግን ስክሪኑ ትልቅ ነው ተብሎ ዕጣው በእኔ ኮምፒውተር ወጣ። ከማግስቱ ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ከዘይቱን ፍሬ የተሠራ ጣፋጭ ማግኘት ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት ኮምፒውተሬ አበደ። ደብዳቤ ስጽፍ የማቅጠኛ ክኒን ማስታወቂያ ይዘረገፍብኛል፤ አንዱን ስዘጋ ሦስት ይከፈታል። ይህስ ባልከፋ፤ ለገዢዎቻችን የምጽፈውን ሁሉ ተፎካካሪዎቻችን እየቀደሙ ያውቁት ጀመር።

አለቃችን ዶን ኦታቪዮ አስጠሩኝ።

«ኖራልባ ልጄ፣ ምስጢሩ የሚወጣው ካንቺ ኮምፒውተር ነው። እስከ ዓርብ ሌባው ካልታወቀ አንቺን ማሰናበቴ ነው።»

ስምንት ዓመት የሠራሁበት ቤት! እንባዬን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ዘበኛውን ጠረጠርኩ። ከጎኔ የምትቀመጠውን ጠረጠርኩ። ጣፋጭ የሚያስቀምጥልኝንም ጠረጠርኩ፤ መሳቢያዬን የሚከፍት እጅ ኮምፒውተሬን መክፈት ምን ይሳነዋል?

ዊልማር የሌላውን ሰው ኮምፒውተር ሁሉ በአንድ ቀን መርምሮ አጸዳ። የእኔ ላይ ግን ሦስት ቀን ፈጀ። ስጠጋው ፊቱ ይቀላል፣ የከፈተውን ይዘጋል። ሌባዬን አገኘሁት አልኩ። የሚያናድደው፣ እየጠረጠርኩትም ሳየው ልቤ ድንግጥ ይል ነበር።

ሐሙስ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ፣ አጠገቡ ቆምኩ።

«ስንት ከፈሉህ?»

«እነማን?»

«አትሸውደኝ! ለማን ነው የሸጥከን?»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ምስጢራችንን ያወጣው ሰላይ ፕሮግራም የገባበት ቀን ዕጣው የወጣበት ዕለት ነው። ከጎኑ የጫነው ሰው ስም አለ፤ ዊልማር ይላል።

«አልሸጥኳችሁም» አለ። «የዕጣ ማውጫውን በነጻ አግኝቼ ጫንኩት። ሰላዩ ከሱ ጋር ተለጥፎ ገባ።»

«አንተ? ሌት ተቀን አትጫኑ እያልክ የምታደነቁረን?»

«ባርኔጣ አይታዘዝም፣ ኖራልባ። ኮምፒውተር ይታዘዛል። ያንቺ ስም እንዲደርሰኝ ፈልጌ ነው።»

ደስታና ንዴት አንድ ላይ መጡብኝ።

«እና እኔ ስጠረጠር ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልክ?»

«ፈራሁ። ትጠይኛለሽ ብዬ።»

«ሂድና ለዶን ኦታቪዮ ንገራቸው። ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ።»

ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዕቃውን በካርቶን ታቅፎ ወጣ። ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«አሰናበቱህ?»

«አዎ። አንቺ ግን ሥራሽ ላይ ነሽ።» ወደ እኔ ዞረና «አሁንስ ታምኚኛለሽ?» አለኝ።

«አላምንህም» አልኩና ካርቶኑን በአንድ በኩል ያዝኩለት። «እስካምንህ ድረስ ግን ከዓይኔ እንዳትርቅ።»