አረንጓዴው ግማሽና ቀዩ ግማሽ

እሑድ እሑድ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም የሚያሳየው ሲኒማ ቤት ትኬቱ ባለ ሁለት ቀለም ነበር። አረንጓዴው ግማሽ ለመጀመሪያው ፊልም፣ ቀዩ ግማሽ ለሁለተኛው። አንዴ የመጡ ሁለት ፊልሞች ሁለት ሦስት ወር ሳይቀየሩ ይታያሉ። ትኬት ቆራጯ ሃያ ዓመት እዚያ በር ላይ ስለቆመች ማን ከማን ጋር እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደወጣ ከፖሊስ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ሁለቱን አስቀድማ ያየቻቸውም እሷ ናት። መነጽር ሠሪዋ በዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች፤ የመጀመሪያውን ፊልም አይታ መብራቱ እንደበራ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትሮጣለች። አባቷ የዓይን ሞራቸው በቅርቡ ተገፎ ስለነበር ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ጠብታ ትጨምርላቸዋለች። የአውቶብስ ሹፌሩ ደግሞ ፈረቃውን ጨርሶ፣ ፊቱን ተለቃልቆ፣ በሁለቱ ፊልሞች መካከል ባለው ዕረፍት ላይ ከተፍ ይላል። እሷ ስትወጣ እሱ ይገባል።

በሦስተኛው እሑድ የትኬት ቆራጯ ትዕግሥት አለቀ። በሩ ላይ ሁለቱንም እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው።

«ስሙኝማ ልጆቼ! አንቺ ቀዩን ትጥያለሽ፣ አንተ አረንጓዴውን ትጥላለህ። ምናለ አንድ ትኬት ለሁለት ብትይዙ? ባልና ሚስት የሚካፈለውን እናንተ ትደፉታላችሁ!»

«ባልና ሚስት» ስትል ሹፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። መነጽር ሠሪዋ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ሥራዋ አስለምዷታል። «ስድሳ አራት ሚሊሜትር» ብላ ገመተች። ከዚያ ዓይኖቹን ራሳቸውን አየች፤ ልኩም ጠፋባት።

«እንኩ» አለች ቀዩን ግማሽ እየሰጠችው። «ሰባተኛ ረድፍ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር። ወንበሩ ሞቋል።»

«የሚቀጥለውን እኔ እገዛለሁ። ግን የመጀመሪያው ፊልም ስለምንድን ነው?»

«ሁለተኛውስ?»

ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። «ጠብታዬ!» ብላ ሮጠች።

ረቡዕ ረቡዕ የተሠሩ መነጽሮችን ከተማው ማዶ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ታደርሳለች። በዚያ ሳምንት ሰባት ቁጥር አውቶብስ ላይ ስትወጣ መሪውን የያዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከጭንቅላቷ በላይ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ተጽፏል።

«በቀይ መብራት ላይ ብቻ» አለ እሱ በመስታወቱ እያያት።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ተሳፋሪዎች «እንቁላል ጫኙ» ይሉታል፤ አነዳዱ አውቶብሱን ሙሉ እንቁላል የጫነ ያስመስለዋልና። እሷንም የሱቁ ባለቤት «ሚሊሜትር» ይላታል። መንገዱ ላይ አሥራ አንድ መብራት አለ። ድሮ አረንጓዴ እንዲሆንላት ትጸልይ የነበረች ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ እንዲሆንላት መጸለይ ጀመረች።

እሷ የራሷን ግማሽ ጠብ ሳታደርግ ነገረችው። ሞተው የተነሡ ነርሶች ሆስፒታሉን ይዘው የሰው ደም ይጠጣሉ። ፊልሙ አዲስ ነው፤ ግን አሮጌ እንዲመስል ሆን ተብሎ ተጭሯል፣ ምስሉም ዝናብ የሚዘንብበት ይመስላል።

«ከሁሉ ያናደደኝ» አለች አምስተኛው መብራት ላይ፣ «ሐኪሙና ልጅቷ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ተደብቀው፣ ሊሳሳሙ ሲሉ፣ ‹ይቅርታ፣ ይህ ክፍል ጠፍቷል› የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ የፊልሙ ቁራጭ የጠፋ ለማስመሰል ነው። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ሲቃጠል ነው የምታየው!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። «የአንተስ ግማሽ?» ልትል ነበር፤ «የእርስዎስ?» አለች።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔው… አንድ ነፍሰ ገዳይ ሹፌር አለ። ፍሬን የሌለው መኪና እየነዳ ሰው ያሳድዳል። በኋላ ግን ይጸጸታል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አስፋልት ስትሻገር ያያትና ይቆማል።»

«ያለ ፍሬን እንዴት ቆመ?»

«በማርሽ። ቀይ መብራት ነበር።»

«ነፍሰ ገዳይ ነው አላሉኝም? በቀይ መብራት ይቆማል?»

«ነፍሰ ገዳይ ቢሆንስ? ሕግ ሕግ ነው።»

በየረቡዑ ታሪኩ ረዘመ። የፊልሙ ሹፌር ፍሬን አስገጠመ። የገጫቸውን ሰዎች እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ። ጋራዥ ሊከፍት ቦታ ማፈላለግ ጀመረ። ሁለቱ ግማሾች ይነጻጸሩ ከተባለ እሷ የመጀመሪያው ይበልጣል ትላለች። «የእኔ ነርሶች ቢያንስ ሰው ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ።» እሱም «የእኔው ይቅርታ ይጠይቃል» ይላል። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። «እርስዎ» የሚለው ቃል ከመካከላቸው ወርዶ ቀረ፤ በየትኛው ፌርማታ እንደወረደ ሁለቱም ልብ አላሉም።

ቤት ስትገባ ሁለቱንም ፊልም ለአባቷ ትተርክላቸዋለች። አባቷ ነርሶቹን አልወደዷቸውም፤ «እኔን ያከሙኝ እንዲህ አይደሉም» አሉ። ለፊልሙ ሹፌር ግን አንጀታቸው ተንሰፈሰፈ። «ጋራዡስ? ቦታ አገኘ?» ይላሉ ገና ከበር ሳትገባ።

ወደደችው። መደበቁ ምን ያደርጋል? ሌንስ ስትሞርድ እንኳ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀደም ሲል ያጫት ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ «ወንደላጤ ነኝ» ሲላት ኖሮ፣ ሚስቱ መነጽር ልታሠራ እሷ ወደምትሠራበት ሱቅ መጣች። ይህንንም በአንድ ቀይ መብራት ላይ ለሹፌሩ ነገረችው።

«ሰው ድሃ ቢሆን ግድ የለኝም፤ መልክ ባይኖረውም ግድ የለኝም። አንድ ጊዜ ከዋሸኝ ግን አለቀ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እሱ ለመነሳት ዘገየ።

በሰባተኛው ሳምንት የአባቷ ሐኪም «ጠብታው ይብቃ» አለ። እሷ ደስታዋን ለማንም ሳትነግር፣ እሑድ ከመጀመሪያው ፊልም በኋላ ቀዩን ግማሽ ለትኬት ቆራጯ ሰጠች። «እትዬ፣ ሲመጣ ይስጡልኝ። እኔ እንዳለሁ እንዳይነግሩት።» ሌላ ትኬት ገዝታ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ፊልሙ ሲያልቅ ከኋላው መጥታ ዓይኑን ልትሸፍነው ነው ሐሳቧ።

ፊልሙ በተጀመረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያ ሹፌር ሁለት መኪና ጨፈለቀ። «ይሁን፣ ጸጸቱ በኋላ ነው» አለች በልቧ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገበያ አተራመሰ። ቀይ መብራት ሲያጋጥመው ጥሶ ማለፍ ብቻ ሳይሆን መብራቱን ራሱን ከነምሰሶው ነቅሎ ይዞት ሄደ። ባሏ የሞተባት ሴት የለችም። ይቅርታ የለም። ጋራዥ የለም። መጨረሻ ላይ ሰውየው እየሳቀ ገደል ገባ፣ መኪናውም ነደደ።

መብራት ሳይበራ ወጣች። እግሯ እንዴት ቤት እንዳደረሳት አታውቅም።

«ጋራዡ ተከፈተ?» አሉ አባቷ።

«ጋራዥም የለ፣ ጸጸትም የለ አባዬ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዋሽቶኛል!» ብላ አለቀሰች።

አባቷ በአዲሱ መነጽራቸው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ያኛው ባለ ሚስት ሲዋሽሽ ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ይኼኛው ግን ምን ሊያተርፍ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እንግዲያው ጠይቂው ልጄ። ፍርዱ የትም አይሄድብሽም፤ መጀመሪያ ተከሳሹን ስሚ።»

ረቡዕ ሰባት ቁጥር ላይ ወጣች። ለቀጣዩ እሑድ፣ ፊልሞቹ ለመጨረሻ ጊዜ ለሚታዩበት ቀን፣ አስቀድማ የገዛችው ትኬት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የአባቷን ምክር ወደ ጎን ትታ፣ ሳትቀድ ሙሉውን ሰጥታው ልትሰናበተው ቆርጣለች። ግን ክፉ ቀን ነውና መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አንደኛው አረንጓዴ። ሁለተኛው አረንጓዴ። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ቀይ ያዛቸው። አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«የምጠይቅሽ ነገር አለ። ግን ሌላ ነገር ሳልነግርሽ ልጠይቅሽ አልችልም።» መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። «ሁለተኛውን ፊልም አይቼው አላውቅም።»

«በየሳምንቱ እየገባህ?»

«በየሳምንቱ እየገባሁ። መኪናው መጋጨት ሲጀምር ዓይኔን በኮፍያዬ እሸፍናለሁ። እግሬ ደግሞ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ይረግጣል። ከፊቴ የሚቀመጡት ሰዎች ከሰውኛል፤ ትኬት ቆራጯን ጠይቂ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሹፌሩ አልተነሳም።

«አረንጓዴ ነው» አለችው።

«አይቼዋለሁ» አለና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። በሥራ ዘመኑ በአረንጓዴ መብራት አድርጎት አያውቅም። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን አንባረቀው። «ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ከባድ መኪና ገጨኝ። ሰው አልሞተም፤ የረዳቴ ክንድ ተሰበረ። የብረቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሹፌር ሆኜ የፊልም ግጭት እፈራለሁ ማለት አሳፈረኝና ከራሴ ፈጠርኩ። አንዴ ከጀመርኩት መመለሻው ጠፋኝ። አንድ ጊዜ ከዋሸኝ አለቀ ያልሽ ቀን ልነግርሽ ነበር፤ ምላሴ ተሳሰረ። ካለቀም አውቀሽው ይለቅ።»

«ካላየኸው ታዲያ ለምን ትገባ ነበር?»

«ወንበሩ ሞቆ ይጠብቀኝ ነበራ።»

ከኋላ አንዲት እናት በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «የኔ ልጅ፣ ማሪውና እንሂድበት! የሐኪም ቀጠሮ አለኝ!»

«ዛሬስ እንቁላሉን እዚሁ ሊያስፈለፍለው ነው!» አለ ሌላው።

መነጽር ሠሪዋ ልትስቅ ነበር፤ ዕንባዋ ቀደማት። ያኛው ሰውዬ ሚስቱ ፊቱ ቆማ እንኳ «አላውቃትም» ብሎ ክዶ ነበር። ይኼኛው ማንም ሳይዘው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሙሉ አውቶብስ ሰው እየሰማው ራሱን አሳልፎ ሰጠ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ፊልሙን። እሑድ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ። ዛሬ የመጣሁት ልሰናበትህ ነበር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አሁንስ?»

መብራቱ ተመልሶ ቀይ ሆነ። ክላክሱ ጋብ አለ።

«አሁንማ ቀይ ነው፤ መናገር ይቻላል። ልትጠይቀኝ የነበረው ምንድን ነው?»

«አባትሽን ላገኛቸው እፈልጋለሁ። እንደ… እንደ ወግ ማዕረጉ።»

«አባዬ ‹ጋራዡ እንዴት ሆነ› እያሉ አሰልችተውኛል። ራስህ መጥተህ ንገራቸው» አለች ዕንባዋን እየጠረገች። «ከሁለቱ ግማሾች ግን የሚበልጠውን አውቄዋለሁ። አንተ የፈጠርከው ይበልጣል። ከእንግዲህ ስትፈጥር ግን ፈጠራ መሆኑን አስቀድመህ ትነግረኛለህ። በሚሊሜትር እለካሃለሁ!»

አውቶብሱ በሙሉ አጨበጨበ። አምስተኛው መብራት ላይ ሲደርሱ ሹፌሩ ገና አረንጓዴ ሳለ ቀስ ማለት ጀመረ፤ ማንም አላጉረመረመም።

በመጨረሻው እሑድ ሹፌሩ ፈረቃውን ተቀያይሮ ሦስት ሆነው መጡ። አባቷ «አዲሱን ዓይኔን ልሞክረው» ብለው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተሰየሙ። ትኬት ቆራጯ የሁለቱን አረንጓዴ ግማሽ ደርባ ባንድ ጊዜ ቀደደችው፤ ከዕረፍቱም በኋላ ቀዩን እንደዚያው።

ሁለተኛው ፊልም ሲጀመር መነጽር ሠሪዋ መዳፏን የሹፌሩ ዓይን ላይ አደረገች።

«ፈጠራ ነው፣ እሺ?» አለች በጆሮው። «አሁን አስፋልቱን የምትሻገር ሴት አየ።»

«ቆመ?»

«ቆመ። ቀይ መብራት ነው።»

በአዳራሹ ብረት ከብረት ሲላተም እግሩ ፍሬን ፍለጋ ተወርውሮ የእሷን ጫማ ረገጠ፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። አባቷ ዞረው «እሽሽ!» አሉ። ሹፌሩ መዳፏን ከዓይኑ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው፤ አልለቀቀውም። ማያው ላይ ዓለም ሁሉ ይጋጫል፤ እሱ ግን ወደዚያ አላየም። ወደ እሷ ዞረ፣ እሷም ወደ እሱ፣ ፊቱ ተጠጋና…

ይቅርታ፣ ይህ ክፍል ጠፍቷል።