ማንኪያ የደፋው ማን ነው?

በቃ፣ ሽማግሌው ኦዲሎን ሞቷል! ዕድሜውን ሙሉ ቱሪስት ባስጎበኘበት የቦርዶ ከተማ የደወል ግንብ ውስጥ፣ ጠመዝማዛው ደረጃ ስር በጀርባው ተንጋሎ ማክሰኞ ጠዋት ተገኘ። ውጪ ያለው ሰልፍ ደግሞ አይጣል ነው! ካሜራ ያንጠለጠለው፣ አይስክሬም የሚልሰው፣ ልጅ ያዘለው፣ ሁሉም «መቼ ነው የሚከፈተው?» እያለ በሩን ይደበድባል።

መርማሪዋ ማይቴ ብግን ብላለች። ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው።

«አሁንም እዚያው ነሽ? የገደለችው ያቺ የፓሪስ ልጅ ናት አልተባለም እንዴ? እስከ እኩለ ቀን ይዘሻት ነይና ግንቡ ይከፈት!»

«ማነው እሷ ናት ያለው?»

«ሁሉም ነዋ!» ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ኤጭ!

የፓሪሷ ልጅ ክሌማንስ የምትባል አስጎብኚ ናት። ኦዲሎን ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ የግንቡን ኃላፊነት ከነቁልፉ ለእሷ ሊሰጥ ወስኗል፤ አንዱን ቁልፍማ ቀድሞ ሰጥቷታል። አሁን አፍንጫዋ ቲማቲም መስሎ ጥግ ላይ ትነፋረቃለች።

«ትናንት ሰኞ ግንቡ ዝግ ነበር» አለች ማይቴ። «ምሳሽን የት በላሽ?»

«ወንዙ ዳር። ብቻዬን።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም! የውሃ መስታወቱ አደባባይ ላይ፣ በዚያ ስስ ውሃ፣ ስንቱ በባዶ እግሩ እየተራጨ እኔን ማን ያየኛል?»

ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል? ምንም!

ቀጥሎ የኦዲሎን ረዳት ፎስታን ገባ። ፂሙን አበጥሮ፣ ከረቫቱን አስተካክሎ፣ ሰርግ የተጠራ ነው የሚመስለው።

«ምን ይደክማሉ ማዳም? ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አለ። ሽማግሌው ትናንት ከሰው ጋር ምሳ በልቷል። ቁልፍ ያላት እሷ ናት። ሌላ ማን ይገባል?»

«ራሱ በር የከፈተለት ሰዋ! እርስዎስ የት ነበሩ?»

«እኔ ሰኞ ሰኞ እናቴ ጋ ነኝ። ከዚህ ቤት እህል ከቀመስኩ ቆየሁ።»

ቲኬት ቆራጯ ማዳም ኦርታንስ ደግሞ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች። «ፎስታን እኮ ያንን ቁልፍ ሲጠብቅ ነው ፂሙ የሸበተው! ግን እኔ አላልኩም። እኔም ብሆን አኩርፌዋለሁ፤ ፖስትካርዶቼን ከበሩ አስነስቶብኛል። ሰኞ ቤቴ ልብስ ሳጥብ ነበር፣ ያየኝ ድመቴ ብቻ ነው። ይኸው፣ እሰሩኝ!»

ማይቴ ጥርሷን ነክሳ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ድስት፣ ባዶ የወይን ጠርሙስ፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፤ ብርጭቆና ወንበር ግን አንድ አንድ ብቻ። የሳህኖቹ ውስጥ ሐምራዊ ሆኖ ደርቋል። ደግሞ ሁለቱም ውስጥ ማንኪያው በአፉ ተደፍቷል።

«ዱክሎ! ይሄ ምንድነው?»

ፖሊሱ ዱክሎ የወይን አምራች ልጅ ነው። አንገቱን አስግጎ አየ። «ምኑ አለቃ?»

«ማንኪያው! ለምን ተደፋ?»

«አ፣ ሻብሮ ነዋ! ሾርባው ሊያልቅ ሲል ወይን ይጨምሩበትና ሳህኑን አንስተው ጭልጥ!»

«ማንኪያውስ?»

«መለኪያ ነው። ጀርባው እስኪሸፈን ይቀዳል። የድሮ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት፤ እኛማ ዝም ብለን ነው የምንገለብጠው።»

«እና ከጠዋት ጀምሮ እያየኸው ዝም አልክ?»

«ማንኪያ ምን ይወራለታል?»

ማይቴ የሰሜን ፈረንሳይ ሰው ናት፤ ሊል ከተማ ነው ያደገችው፣ ይህን ልማድ አታውቀውም። ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ሳቀች! «ሩጥ፣ ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ሾርባ አምጣ። ወይንም ጨምር።»

የትናንቱን ሳህኖች አስነስታ ሦስቱንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«አሁን የመብላት ሰዓት ነው?» አለች ኦርታንስ፣ ማንኪያዋን ግን ቀድማ ነው ያነሳችው።

ክሌማንስ ሁለቴ ቀመሰችና ገፋ አደረገችው። ኦርታንስ ወይኑን ቸልሳ ጨለጠችው። ፎስታን ግን ወሬውን አላቆመም። «ከፓሪስ የመጣ ሁሉ ታሪካችንን ሊነግረን…» እያለ ማንኪያውን ደፋ፣ ጀርባው እስኪሸፈን ቀዳ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ጠጣ።

ሁሉም ወደ ሳህኑ ዞሩ።

«ምነው?» አለ ፂሙን እየጠረገ።

«ትናንት ኦዲሎን ጋ የበላው ሰው ማንኪያውን ደፍቷል» አለች ማይቴ። «ክሌማንስ ሻብሮ የሚባል ነገር አታውቅም። ማዳም ኦርታንስ ታውቃለች፣ ግን ማንኪያ አትደፋም። እርስዎ ደግሞ እዚህ ቤት እህል አልቀመስኩም አሉኝ። የበላው ሰው ብርጭቆውን ደብቋል፣ ወንበሩን መልሷል፣ ይሄን ግን ዱካ ነው ብሎ አላሰበም። ሲያደርገው የኖረ ሰው እንዴት ያስበዋል?»

«የቦርዶ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠጣው!»

«ቅጥፈት!» ኦርታንስ ጠረጴዛውን ደበደበች። «እዚህ ግንብ ውስጥ ማንኪያ የምትደፉት አንተና ኦዲሎን ብቻ ናችሁ!»

ፎስታን ሳህኑን ቁልቁል አየው። ትከሻው ወረደ።

«እሱ ነው ያስተማረኝ። ሥራ በጀመርኩ ቀን፣ እዚሁ። ትናንትም በገዛ እጁ ቀዳልኝ። ስጨርስ 'ቁልፉን ለልጅቷ ሰጥቻለሁ፣ አትቀየመኝ' አለኝ። ደረጃው ላይ ሊሸኘኝ ቀደም ብሎ ሲወርድ… አንዴ ነው የገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

ዱክሎ ካቴናውን አወጣ። የማይቴ ስልክ እንደገና ጮኸ።

«ልጅቷን ያዝሻት?» አለ አለቃዋ።

«ለቀቅኳት» አለችና ማይቴ ራሷ ዘጋችው።

ክሌማንስ ቁልፏን ጨብጣ ወረደችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ሰልፉ ሁሉ «ተከፈተ!» ብሎ ተግተለተለ።

«ዛሬ ለቅሶ ላይ ነን» አለቻቸው። «ነገ ኑ።»

ከውስጥ ቆለፈችው።