የሦስተኛው ፎቅ ጎርፍ

«ውሃ! ኧረ ውሃ እየዘነበብኝ ነው!»

የማዳም ሶላንዥ ጩኸት ከታችኛው ፎቅ ሲሰማ፣ ዴልፊን ፒዛዋን እንደጎረሰች ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል በረረች። የፈራችው አልቀረም። ወለሉ ኩሬ ሆኗል፤ የማሽኑ ቱቦ ከቧንቧው ጋር በተጋጠመበት በኩል ውሃው ፊን ይላል። ቧንቧውን ዘጋች፤ ቱቦውን በመፍቻ ጥርቅም አድርጋ አጠበቀችና አባቷ ሬዣን በሩ ላይ ሳይደርስ መፍቻውን ፎጣ ሥር ሸጎጠችው።

ቀኑ ጁላይ አንድ ነው። በየዓመቱ ያን ቀን የሞንትሪያል ግማሹ ሰው ወደ ሌላው ግማሽ ቤት ይዛወራል፤ ፍሪጁንና ማጠቢያ ማሽኑን ሳይቀር እየጎተተ በጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ይላፋል። ዴልፊንና አባቷም ጠዋት ወደዚህ ሦስተኛ ፎቅ ሲገቡ እሷ «ማሽኑን እኔ ካልገጠምኩ» ብላ ድርቅ አለች። አባቷ «በመፍቻ አጥብቀሻል?» ሲላት «እንዴታ!» አለችው። ውሸቷን ነው፤ በእጇ ብቻ ነበር ያዞረችው። ሬዣን ግን ዕቃ ሊያግዙት ለመጡት ጓደኞቹ ሁሉ «ባለሙያ የቀጠርኩ መሰላችሁ? የገዛ ልጄ ናት!» እያለ ሲጎርር ዋለ።

አሁንም ኩሬው መሀል ቆሞ ግድግዳውን በቡጢ መታ። «ይሄ አሮጌ ቧንቧ! ውስጥ ለውስጥ ፈንድቶ ነው። የልጄ ሥራማ እንከን አይወጣለትም።»

ዴልፊን ፎጣውን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ አባቷን ተከትላ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደች።

ማዳም ሶላንዥ ልብስ ሰፊ ናት። እሷም የገባችው ዛሬ ጠዋት ነው። ስፌት ማሽኗ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የሙሽራ ልብስ የሚሰፋበት ነጭ ጨርቅ ከነጥቅሉ ርሷል። አከራዩ ሙሴ ፔልራን ጣሪያውን አንጋጦ እያየ አገጩን ያካል።

«የኔ ኢንሹራንስ ለግድግዳውና ለጣሪያው ነው» አለ።

«እንዴ! ቤቱ ኢንሹራንስ አለው አላሉኝም?»

«ቤቱማ አለው። ስፌት ማሽንዎ ግን የለውም። ለውስጥ ዕቃ ኢንሹራንስ የሚገባው ተከራዩ ነው።»

«ጉድ ፈላ! ዕድሜዬን ሙሉ ስከራይ አከራዩ የገባልኝ እየመሰለኝ!» ማዳም ሶላንዥ ሶፋው ላይ ዘጭ ስትል ሶፋው ጭልቅ አለ። «ውይ! ምናለ ዓሣም አብሮ ቢወርድ? ጠብሼ እበላው ነበር።» ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ወደ ላይ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ሬዣን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አየሽ? ኢንሹራንስ ስከፍል ‹ሶፋችንን ሌባ እንኳ አይፈልገውም› እያልሽ ትጨቀጭቂኛለሽ። ለኛ ዕቃ ብቻ መሰለሽ? ሳናስበው ጎረቤት ላይ ጉዳት ብናደርስም ይከፍልልናል። ጥፋቱ የኛ ቢሆን ኖሮ ሶላንዥ ትካስ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ምስኪን፣ ጥፋተኛው አሮጌ ቧንቧ ሆነባት።»

ዴልፊን ቀጥ ብላ ቆመች። ዝም ካለች አባቷ እንደኮራባት ይኖራል፤ ሶላንዥ ግን ባዶ እጇን ትቀራለች። ከተናገረች ደግሞ አባቷ በዚያ ሁሉ ጓደኛው ፊት ያፍራል፤ ሁለተኛም አያምናት ይሆናል። ከላይ የሬዣን ጓደኞች «ባለሙያዋስ? ፒዛሽ ቀዘቀዘ!» እያሉ ይጣራሉ።

ዞራ ወረደች።

«ማዳም ሶላንዥ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቱቦውን በእጄ ብቻ ነው ያዞርኩት። አባዬ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት፤ ቅድምም እሱ ሳይደርስ ተደብቄ አጠበቅሁት። ለዕቃዎ የኛ ኢንሹራንስ ይከፍልልዎታል።»

ተከትሏት የገባው ሬዣን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሙሴ ፔልራን አገጩን ማከኩን ተወ።

«ተመስገን!» ብላ ማዳም ሶላንዥ ብድግ አለች። «እንኳንም አንቺ ሆንሽ!» እርጥብ ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት።

ሬዣን አልሳቀም። ኪሱን ዳብሶ ስልኩን አወጣና የኢንሹራንሱን ቁጥር ደወለ፤ ከዚያ ወደ ጆሮው ሳይወስድ ለዴልፊን አቀበላት።

«እኔን የዋሸሽኝን ለነሱ እውነቱን ንገሪያቸው» አለ። «እኔ እዚሁ አጠገብሽ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ምን ልርዳዎ አለቻት።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ዴልፊን እባላለሁ» አለች። «ጎረቤታችን ላይ ጎርፍ የለቀቅኩት እኔ ነኝ።»