ኮምፒውተሬ በክርስትና ስሜ ጠራኝ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን እጽፋለሁ።

ፍኖተ ሰላም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ድፍን ቀትር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሰው ሁሉ ምሳ ገብቷል። እኔ ብቻ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቄ ውስጥ ነበርኩ።

አቻምየለሽ እባላለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየነካካሁ ለመድኩት። ሰርተፊኬትሽ የታለ የሚለኝን በሩን አሳየዋለሁ።

የኮምፒውተሩ ቲን ቲን ስለሰለቸኝ የማንቂያ ድምፆቹን ቀየርኳቸው። የቀዳሁት የጓደኛዬን የያምሮትን ድምፅ ነው። ፍላሽ ሲሰካ፣ "ቤቶች" ትላለች። ሲነቀል፣ "ደህና ዋሉ።" ስሳሳት ደግሞ፣ "ኧረ ተይ አቹ።" ደንበኛ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ከቤተሰቤ ውጭ የክርስትና ስሜን የምታውቅ ያምሮት ብቻ ናት። ታምሜ ጸበል ስትወስደኝ ለካህኑ እንድትነግርልኝ ነው የሰጠኋት። እኛ አገር ይሄ ስም ለማንም አይነገርም... ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታላ።

እየተየብኩ ነበር።

"ቤቶች።"

ቀና አልኩ። ፍላሽ አልተሰካም።

መሰኪያው ላልቶ ይሆናል አልኩ። ነካካሁት... ደህና ነው።

"ቤቶች..."

ከዚያ ትንፋሽ። አፏን ማይኩ ላይ እንደገጠመች።

ከዚያ ስሜ።

የክርስትና ስሜ... ከነእናቴ ስም። እዚህ አልጽፈውም፤ ሞኝ አይደለሁም።

ድምፁ የያምሮት ነው። ይሄንን ግን አልቀዳሁም። ፋይሉን ከፍቼ አዳመጥኩት። "ቤቶች" ብቻ ይላል።

ደወልኩላት። ቡሬ፣ እጮኛዋ ያረጋል ዘንድ ነበረች።

"ያሙ፣ ስሜን ለማን ሰጠሽ?"

"የቱን ስም?"

"አታድርቂኝ። ታውቂዋለሽ።"

በሹክሹክታ፣

"መጥራት ጀመረ እንዴ?"



"ማነው የሚጠራኝ?"

"ያረጋል ሊተወኝ ነበር... እዚሁ ቡሬ አንድ ጠንቋይ ዘንድ ሄድኩ። እመልስልሻለሁ፣ በምትኩ የሴት ስም አምጪ አለኝ። የራሴን..."

"የራስሽን ምን?"

"ፈራሁ፣ አቹ።"

"እና የኔን ሰጠሽ።"

"ሌላ የማንን ስም አውቃለሁ?"

እንዲህ አለችኝ። እንዲሁ፣ እንደ ቀላል ነገር።

"አቤት ብለሻል?" አለች።

"አላልኩም።"

"እንዳትዪ። ከመለሰች የኔ ናት ብሎኛል።"

ዘጋሁባት። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠቆረ።

ጸጥ...

"ቤቶች።"

ስሜ። የእናቴ ስም።

አፌን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩ። አልመለስኩም። ማርያምን፣ አልመለስኩም።

"አቤት።"

ከጀርባዬ ነው... ከፎቶ ኮፒው ማሽን ዘንድ። በኔው ድምፅ።

መዞር አቃተኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ነገር በአጠገቤ አለፈ... የበሩ መጋረጃ ሲገለጥ ሰማሁ።

ከውጭ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ስመኘው ሲናገሩ ተሰማኝ።

"አቹ፣ ምነው ባዶ እግርሽን? ወዴት ነው?"

እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። አፌን እንደያዝኩ።

ጋሽ ስመኘው መልስ የሰሙ ይመስል ሳቅ አሉ።

"ቡሬ? በዚህ ፀሐይ... በእግርሽ?"