አምስተኛው ክፍል፣ የላይኛው አልጋ

ሐሙስ ታኅሣሥ ፯ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በመቱ ከተማ በጎሕ የቡና አምራቾች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ወንድይራድ፣ የመጋዘን ኃላፊው ፍስሐ፣ በማኅበሩ ሱቅ የምትሸጠው ኸዲጃ፣ ከጎሬ የመጡት ሽማግሌ አቶ ወልደሰንበት፣ እጆቹ የኋሊት የታሰሩት የቡሬ ገበሬ ባጫ፣ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች እና ጸሐፊው ደርበው። ደርበው በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተመትቷል። ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

መርማሪው መቶ አለቃ ጥሩሰው ከጎሬ በላንድሮቨር ሲደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። አጭር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የሚያዳምጠውን ሰው እጅ እንጂ ፊት የማያይ ሰው ነው። በሩ ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የታጠቀች አንዲት እናት እግሩ ላይ ወደቀች። የባጫ እናት ዋሪቱ ነበረች።

«ኢልሚ ኮ ሂን አጄስኔ» አለችው። ልጄ አልገደለም ማለቷ ነው። ከዚህ በቀር ሌላ አልተናገረችም፤ እሱኑ ደጋግማ አለችው።

ወንድይራድ ምርመራው ማለቁን ነገረው። ባጫ ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ ጋቢውም ሬሳው አጠገብ ወንበር ላይ ተገኝቷል። ለመንግሥት ስብሰባ የተመረጠን ልዑክ መግደል ደግሞ ተራ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ለበላይ ደውሏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ባጫን ወደ አዲስ አበባ ይወስደዋል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ ክስ ከመቱ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ይህን በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ ባጫም ያውቃል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ሰዓት አለኝ» አለ ጥሩሰው።

«የሚጨመር ነገር የለም፤ ጓድ።»

«አልጨምርም። ያለውን አያለሁ።»

መጀመሪያ ጠረጴዛውን አየ። ልዑካኑ አምስት ነበሩ፤ ደርበው፣ ፍስሐ፣ ኸዲጃ፣ አቶ ወልደሰንበትና ባጫ። ለቡና አምራቾች ስብሰባ ድሬዳዋ ሊሄዱ ነው። እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ሌሊቱን በባቡር። ደርበው ትናንት ከሰዓት በኋላ የሰበሰባቸው የመኝታ ቦታ እንዲመርጡ ነበር። ከአዲስ አበባ የተላከው ወረቀት የመኝታ ፉርጎውን ከላይ እንዳዩት አድርጎ ያሳያል። በአንድ በኩል ጠባብ መተላለፊያ፣ በሌላው በኩል የተደረደሩ ስምንት ክፍሎች፣ በያንዳንዱ ክፍል አራት አልጋ፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። ከዚህ ሌላ ምንም አልተሣለበትም። ደርበው በሚያምር እጅ ጽሑፉ ስማቸውን በየአልጋው ላይ ጽፏል። ከሥዕሉ ሥር ስለ ተጓዦቹ የሚሞላ ሠንጠረዥ አለ፤ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ጤንነት፣ ከዚህ በፊት በባቡር ሄዶ ያውቃል ወይ?

ጥሩሰው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ባጫን አስፈታና ብቻውን አነጋገረው። ባጫ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። ድሬዳዋ መሄዱ ራሱ አስጨንቆት ነበር። ቡናው ቀልቷል፤ ለቃሚ የለውም። በዚህ ላይ ደርበው በአንደኛው ክፍል የላይኛውን አልጋ ሰጠው። ከመሬት ከፍ ብሎ ተኝቶ አያውቅም። መኪናው ሲያንገጫግጭ እንደ ጆንያ ወድቄ እሞታለሁ ብሎ ጮኸ። ደርበው ባቡር እንደ አውቶቡስ አይደለም ብሎ ሳቀበት። እሱም ጋቢውን እንኳ ሳያነሳ ተናዶ ወጣ። የት እንዳደረ ሲጠየቅ ከከተማው ዳር አክስቱ ቤት ነው አለ። ማንም ሄዶ አክስቱን አልጠየቃትም ነበር።

«ልገድለው አስቤ አላውቅም» አለ። «የሚሰማኝ ሰው አጣሁ እንጂ።»

አቶ ወልደሰንበት ሲመጡ ወንበር ተነሥቶ ሰጣቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የትኛውን አልጋ መረጡ?»

«አንደኛውን ክፍል ነዋ፤ የታችኛውን። ከሾፌሩ ኋላ ካልሆንኩ ያስመልሰኛል። ከዚህ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አንጀቱ ነው የሚወርደው።»

«ሁላችሁም አንደኛውን ፈለጋችሁ?»

«ከአውቶቡስ ፊት መቀመጥ የማይፈልግ ሰው አለ? ለሱ አይደለም እንዴ የተጣላነው? ፍስሐ ብቻ ጨዋ ነው። አንድ አልጋ ተርፎ እያለ እኔ ወደ መሃል እሄዳለሁ አለ። አምስተኛው ክፍል፣ ከላይ።»

ኸዲጃ ገብታ ቆመች፤ ተቀመጪ ቢላትም አልተቀመጠችም። ከወንድ ጋር በአንድ ክፍል ከምተኛ ቁጭ ብዬ አድራለሁ ብላ ስለነበር ደርበው ሁለተኛው ክፍል የሴቶች እንዲሆን ጠይቄ እጽፋለሁ ብሏታል። ሟቹ ከሚያውቀው አንዲት ፊደል የማይጨምር፣ የማይቀንስ ሰው ነበር አለች። አንድ ጊዜ የሱቁን ስኳር ሁለት ኪሎ አሳንሶ እንዲጽፍላት ለምናው አንድ ሳምንት አኩርፏታል።

«እትዬ ኸዲጃ፣ ፍስሐ ለምን መሃሉን እንደ መረጠ ደርበው አልጠየቀውም?»

«ጠይቆታል። እኔ እንዲያውም ቀልጄበታለሁ፤ ከኛ ሸሽቶ ነው ብዬ። እሱ ምን አለ? መሃል ላይ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ጎማው ያለው ጫፍና ጫፍ ነው አለ። ከወረቀቱ አይቶ ይሆናል።»

ጥሩሰው ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ መቶ አለቃውን አየችው።

«ይህን ለማንም አይንገሩ» አላት።

ፍስሐን ያነጋገረው በግቢው ውስጥ ወደ መጋዘኑ እየሄዱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው። አገሩ ኡካ መሆኑን፣ መቱ ከመጣ አራት ዓመት እንደሆነው፣ ከበደሌ ወዲያ አልፎ እንደማያውቅ ተናገረ። ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መጋዘኑን ቆልፎ ቤቱ ሄዷል። ቁልፉ አንድ ነው፤ ከአንገቱ አይወርድም። ጥሩሰው ስለ መከሩ ጠየቀው፤ ስለ ቡናው ገለባ፣ ስለ አቧራው።

«የሚዛኑን ብረቶች ታጥባቸዋለህ?»

«መቼ ጊዜ አግኝቼ? መከሩ ከገባ ወዲህ ውሃ አልነካቸውም።»

«በየማለዳው ትቆጥራቸዋላችሁ አሉ።»

«አዎ። ዓምና አንዱ ስለጠፋ ሊቀመንበሩ ራሱ ቆሞ ነው የሚያስቆጥረው። ዛሬም ተቆጥሯል፤ ስድስቱም አሉ።»

መጋዘኑ ተከፈተ። ብረቶቹ በግድግዳው ሥር በሰልፍ ቆመዋል። ጥሩሰው ጎንበስ ብሎ በጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው። የመጀመሪያው ጣቱን ቡናማ አደረገው፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ባለ አምስት ኪሎ ነው። ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ብረቱ በቆመበት ጣውላ ላይ ክብ የውሃ ምልክት ይታያል። መቶ አለቃው ቀና ሲል የፍስሐን እጆች አየ። ፍስሐ ቁልፉን በሁለት እጁ ጨብጦት ነበር።

ጥሩሰው ከመጋዘኑ ወጣ። ከዚያ ቴሌ ሄዶ የአዲስ አበባ መስመር እስኪገኝ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቀ። ከባቡር ጣቢያ አንድ ሠራተኛ አገናኙት፤ የጠየቀው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር። ሲመለስ ዋሪቱ አሁንም ከበሩ አልተነሣችም። ፀሐዩ ዞሮባት በጥላው ፈንታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። መኪናው እንዳይመጣ እየፈራች መንገዱን ብቻ ታያለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በጽሕፈት ቤቱ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል። ጥሩሰው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«በመጀመሪያ የተመታበትን እንይ» አለ። «ደርበው የተመታው በከባድ ብረት ነው። ከመጋዘኑ ብረቶች አንዱ ታጥቧል። የመጋዘን ኃላፊው መከሩ ከገባ ወዲህ ውሃ አልነካቸውም ብሎኛል። የገደለው ሰው ብረቱን ጫካ ሊጥለው ይችል ነበር፤ ግን ማለዳ ሲቆጠር ይጎድላል። ስለዚህ አጥቦ ቦታው መለሰው። ባጫ ይህን ማድረግ አይችልም። መጋዘኑ ማታ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ አንድ ነው።»

ሁሉም ወደ ፍስሐ ዞሩ። ፍስሐ መሬቱን ያያል።

«ለምን?» አለ ወንድይራድ። «እነሱ ተጣልተው አያውቁም።»

«እኔም ለምን ብዬ ነው ወደ አልጋዎቹ የተመለስኩት። ጋሼ ወልደሰንበት ከሾፌሩ ኋላ መረጡ። ባጫም ከፊት ፈለገ። የኛ አገር ሰው የሚያውቀው አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ከኋላ ያንገጫግጫል። እኔ ብሆን ያንኑ ነበር የምመርጠው፤ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። አንድ ሰው ግን መሃሉን መረጠ። ጎማው ጫፍና ጫፍ ነው አለ። በዚህ ወረቀት ላይ ጎማ አልተሣለም። አዲስ አበባ ደውዬ ጠየቅኩ። እውነት ነው አሉኝ፤ ጎማው በሁለቱ ጫፍ ነው፣ የለመደ ሰው መሃሉን ይመርጣል። የታችኛው አልጋ ላይም በየጣቢያው የሚገባ ሰው ሁሉ ይቀመጥበታል፤ ስለዚህ የለመደ ሰው ከላይ ይተኛል። ከበደሌ አልፎ የማያውቅ ሰው ይህን ከየት አመጣው?»

ከውጭ የዋሪቱ ድምፅ ይሰማል።

«ይህን እኔ ብቻ አላየሁትም። ከኔ በፊት ደርበው አይቶታል። ሠንጠረዡን ተመልከቱ። በባቡር ሄዶ ያውቃል ወይ ለሚለው ለአራቱ አያውቅም ብሎ ጽፏል፤ ለራሱም ጭምር። የፍስሐ ቦታ ባዶ ነው። ደርበው የማያውቀውን የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጠርቶ ጠየቀው። ገዳዩ ወረቀቱን ሳይወስደው ቀረ፤ ምክንያቱም በወረቀቱ ላይ ስለሱ ምንም አልተጻፈም ነበር። ባዶ ቦታ ይመሰክራል ብሎ አላሰበም።»

ፍስሐ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ብረቶቹን ወደ መጋዘን እያስገባሁ ነበር» አለ። «የመጨረሻውን ይዤ ሳለ ጠራኝ። እንደያዝኩት ገባሁ።»

«ምን አለህ?»

«ፍስሐ፣ አንተስ ታውቃለህ ልበል? አለኝ። እየሳቀ ነው። አላውቅም በል አልኩት። ታዲያ ጎማውን በምን አወቅህ? አለኝ። ሰምቼ ነው አልኩት፤ ከማን ሰማህ አለኝ። ተንበርክኬ ለመንኩት። እሱ ግን ፊርማዬ አለበት፣ እውነቱን ንገረኝና ልጻፈው ነው የሚለው። ለመጻፍ ጎንበስ አለ።»

«ምን ነበር እውነቱ?» አለ ወንድይራድ።

ጥሩሰው እጁን አነሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የመጣሁት ለደርበው ሞት ነው። ሌላውን አልጠየቅኩትም።»

ፍስሐ ግን ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው አልነበረም። በምሥራቁ ጦርነት ወታደር ነበር። በመኝታ ፉርጎ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ዳር ዳር ባሉት ክፍሎች ያሉት ቁስለኞች ሐዲዱ በተጋጠመበት ሁሉ ይጮሃሉ፤ የመሃሎቹ ይተኛሉ። የሚተርፍ የመሰለውን መሃል ማስተኛት ተማረ። አንድ ቀን ከአንድ ጣቢያ ወርዶ ውሃ ሊቀዳ ሄደ፤ ጀሪካኑን ጥሎ አልተመለሰም።

«ለዚህ ጉዞ ሲመርጡኝ እንቢ እንዳልል ለምን እባላለሁ። ልሂድ ብል ጣቢያው ላይ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም። ከላይ የተኛን ሰው ፊት ማንም አያይም ብዬ ነበር።» ወደ ባጫ ዞረ። «አንተን ሲያስሩህ አየሁ። እናገራለሁ እያልኩ ነበር። መኪናው ሳይመጣ እናገራለሁ እያልኩ ነበር።»

ኸዲጃ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አቶ ወልደሰንበት፣ «ምነው ልጄ፣ ለኔ ብትነግረኝ» አሉ፤ ቢነግራቸው ምን እንደሚያደርጉ ግን አልተናገሩም።

ጥሩሰው የመጻፊያ ወረቀቱን ሳበ። የደርበውን ሞት ጻፈ፤ ሰዓቱን፣ ብረቱን፣ ቁልፉን። ስለ ወታደርነቱ አልጻፈም።

«ከድቶ የመጣ መሆኑን አልጻፍክም» አለ ወንድይራድ።

«ልጆች አሉት።»

«እኔ ሰምቻለሁ፤ ጓድ መቶ አለቃ። እዚህ ያለው ሁሉ ሰምቷል።»

ጥሩሰው ብዕሩን አስቀመጠ።

መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መጣ። ባጫ ተፈትቶ ከእናቱ ጋር በእግሩ ወደ ቡሬ ሄደ። በመኪናው ላይ ፍስሐን አሳፈሩት። በየካቲት ወር ለማኅበሩ በደረሰ ደብዳቤ እርምጃ እንደተወሰደበት ተገለጸ፤ የመጋዘኑ ቁልፍም ለሌላ ሰው ተሰጠ።