የወይዘሮ እልፍነሽ ሳቅ

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የቀንዲልና የሞገድ ማስታወቂያዎች ተከታትለው ይተላለፋሉ። ያን ጊዜ ረድኤት ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የከተማዋን ሳቅ ታዳምጣለች። ሥራዋ ይኸው ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተዘረጋው ቴሌቪዥን ተመልካቹን ያያል፣ ይሰማዋልም፤ ሳቁን፣ ቁጣውን፣ ማዛጋቱን ሳይቀር ከዚራ ሰፈር ወዳለው የተመልካች ምዘና ቢሮ ይልካል። ቁጥሩን የሚያወጡት መሣሪያዎቹ ናቸው። የተቆጠረው በእርግጥ የሰው ሳቅ መሆኑን ለማረጋገጥ ግን የሰው ጆሮ ያስፈልጋል። በቀቀን ሲጮህ ወይም ጎረቤታሞች ሲጨቃጨቁ መሣሪያው ሳቅ ነው ብሎ የመዘገበበት ጊዜ ነበርና።

ቀንዲልና ሞገድ የቤት ኮምፒውተር የሚሠሩ ተቀናቃኝ ድርጅቶች ናቸው፤ በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር ከሁለቱ የአንዱ ነው። የቤት ኮምፒውተር በር ይከፍታል፣ ውሃ ይቆጥባል፣ መድኃኒት መዋጫ ሰዓትን ያስታውሳል፣ ሰው ሲከፋው ያጫውታል። በዚያ ዓመት የከተማው ምክር ቤት ከሁለቱ አንዱን መርጦ በሁሉም ቤት እሱን ብቻ ሊያስገባ ወስኗል። በየትኛው ላይ መስማማት ቢያቅተው «ሕዝቡ የወደደው ይግባ» አለና ነገሩን ለማስታወቂያዎቻቸው ምዘና ተወው።

የቀንዲል ማስታወቂያ ለስላሳ ነው። አንዲት ሴት ከሥራ ደክማ ስትገባ ቤቷ በቁልምጫ ስሟ ይጠራታል። «ቤትዎ ያውቅዎታል» ይላል መጨረሻው ላይ። ሞገድ በዚህ ያሾፋል፦ አንድ ሰውዬ ጫማውን በእጁ ይዞ ሹክክ ብሎ ቤቱ ሲገባ ኮምፒውተሩ የት እንደዋለና ከማን ጋር እንደነበር ለሚስቱ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። «ሞገድ አይለፈልፍም።» በእነዚህ ሁለት ማስታወቂያዎች ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ሾፌር አልባው ባጃጅ ውስጥ አብረው የተሳፈሩ ሰዎች ተጣልተው ይወርዳሉ። አሸዋ ገበያ ላይ የቀንዲል ደጋፊ ከሞገድ ደጋፊ ቲማቲም አልገዛም አለ ተብሎ ተወራ።

«አቦ፣ በኳስ እንኳ እንዲህ ሆነን አናውቅም» ይላሉ የረድኤት አለቃ አቶ ሚፍታህ፤ ይህን ሲሉ ግን ቢሯቸው እንደዚያን ጊዜ ተፈላጊ ሆኖ ስለማያውቅ ደስ ብሏቸዋል።

ረድኤት ያን ቀን የገንደ ቆሬን ቤቶች እያዳመጠች ነበር። የሞገዱ ሰውዬ ጫማውን ይዞ ገባ፤ ሰፈሩ ሳቀ። ሳቁ ሊበርድ ሲል አንድ ሳቅ ዘግይቶ ተነሳ። መጀመሪያ አየር ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ከዚያ ከጉሮሮ ውስጥ የታፈነ፣ ትከሻ የሚያርገፈግፍ ሳቅ መጣና በ«ወይ ጉድ!» ተዘጋ።

የእናቷ ሳቅ ነበር። እናቷ ወይዘሮ እልፍነሽ ከተቀበሩ ዓመት አልፏቸዋል፤ ተዝካራቸውም ወጥቷል።

ድምፁን መልሳ ሰማችው። አንዱን ድምፅ ስትደጋግም ያዩዋት አቶ ሚፍታህ መጡና ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ ወስደው እሳቸውም ሰሙ።

«ጤነኛ ሳቅ ነው። ምን አገኘሽበት?»

«የእናቴ ነው።»

አቶ ሚፍታህ ቀብሩ ላይ ነበሩ። ማዳመጫውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «የድሮ ድምፅ ተደባልቆ ይሆናል» አሉ፣ ራሳቸውም ያመኑበት ሳይመስሉ።

ረድኤት በማግስቱ፣ ማስታወቂያው ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው፣ ገንደ ቆሬ ሄደች። የእናቷን ቤት እንደተቆለፈ ነበር የምታውቀው። ቁልፉ ታናሽ ወንድሟ አቤኔዘር ዘንድ ነው፤ «ገዢ እስኪገኝ እኔ ልያዘው» ብሎ ነበር። የጎረቤቲቱ የእትዬ ሀሊማ በር ክፍት ነው፤ እሳቸውም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አቤን ፈልገሽ ነው? ውስጥ ነው» አሏት። «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይመጣል። አንቺስ ምነው ጠፋሽ እያልን ነበር።»

በሩ አልተቆለፈም። አቤኔዘር እናቱ እግራቸውን ሲታጠቡ ይቀመጡባት በነበረች ዱካ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ያያል። እህቱን ሲያያት አልደነገጠም።

«ቁጭ በይ» አላት። «ሊጀምር ነው።»

ሞገድ ተላለፈ። ሰውዬው ጫማውን ይዞ ገባ። ከአልጋው ራስጌ በኩል አየር ወደ ውስጥ ተሳበ፤ እናታቸው ሳቁ። አቤኔዘርም አብሯቸው ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ወደ እህቱ ዞረ። ረድኤት ባዶውን አልጋ ታያለች።

«አቤ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተኪ ተመልካች ነው።» አሠራሩን አስረዳት። ማስታወቂያ የማያይ ሰው የኮምፒውተሩ አገልግሎት ይቋረጥበታል። ስለዚህ የሰለቸው ሰው ኮምፒውተሩን በእሱ ቦታ ተተክቶ እንዲያይለት ያዘዋል፤ ኮምፒውተሩም የባለቤቱን ጠባይ ስለሚያውቅ እሱ በሚስቅበት ይስቃል፣ በሚናደድበት ይናደዳል፤ ለመዛኙም ይህንኑ ይልካል። «እማዬ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ ዓይኗን መግለጥ ሲያቅታት፣ አንተው እይልኝ አለችው። አጠገቧ ነበርኩ።»

ረድኤት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች፤ ከራስጌው ግድግዳ ላይ ያለ ትንሽ ቀንዲል ነው። «ባለቤትህ የት ናቸው?» አለችው።

«ወይዘሮ እልፍነሽ ዐርፈዋል» አለ በራሱ ድምፅ፣ በትሕትና።

«ታዲያ ለምን ትስቃለህ?»

«እይልኝ ብለውኛል። ተው አላሉኝም።»

ረድኤት ይህን ለአቶ ሚፍታህ ስትነግራቸው በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅ አዘዙ፦ የሚስቀው ማን ነው? ኮምፒውተሮቹ መዋሸት አይችሉም፤ እስከዚያ ቀን ግን የጠየቃቸው አልነበረም። መልሱ ሲመጣ አቶ ሚፍታህ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። አብዛኛው የከተማው ሰው ማስታወቂያውን ማየት ከተወ ቆይቷል። ሰዉ በጓዳው ምግቡን ሲሠራ፣ በረንዳው ላይ ሲያወራ፣ ሳሎኑ ብቻውን ይስቅለታል። በባጃጁና በገበያው የሚካሄደው ጠብም ከማስታወቂያው የመጣ አይደለም፤ ቢሮው በየሳምንቱ «ቀንዲል መራ፣ ሞገድ መራ» እያለ ከሚያወጣው ውጤት ነው። ከሚስቁት መካከል ደግሞ የብዙዎቹ ባለቤቶች እንደ ወይዘሮ እልፍነሽ ሞተዋል። ተዉ ያላቸው ባለመኖሩ ኮምፒውተሮቹ ቀጥለዋል።

ወሬው ሳይወጣ የሁለቱ ድርጅቶች ተወካዮች ቢሮ መጡ። እስከዚያ ቀን አንድ ደረጃ ላይ አብረው ሲወጡ ታይተው አያውቁም፤ አሁን አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሐዘንተኛውን ነው የምትጎዱት» አለች የቀንዲሏ ሴት። የሞገዱ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አቶ ሚፍታህ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ ቆዩና «እኛ የምንመዝነው ሰው ነው። ሰው ከሌለ የለም እንላለን» አሉ። በዚያው ሳምንት በቴሌቪዥን ቀርበው ሁሉንም ተናገሩ።

ረድኤት ሕዝቡ ይቆጣል ብላ ነበር። አንዳንዱ ተቆጣ። የሚበዛው ግን ቢሮው ደጃፍ ተሰለፈ። ሰልፉ በዛፎቹ ጥላ ሥር ከዚራን አቋርጦ እስከ ባቡር ጣቢያው ደረሰ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «የእኔም አለች? አሰሙኝ።» ቤቱ የተሸጠበት፣ ቤቱ ለሌላ የተከራየበት፣ ከተማ ለቆ የኖረ ሁሉ መጣ። ረድኤት እያፈላለገች ታሰማቸዋለች። አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን ሳቅ እስከ መጨረሻው ሰሙና ማዳመጫውን ሳያወልቁ «ቀልዱ ገብቷት ነው የሳቀችው?» ብለው ጠየቋት። ሳቁን ከመጀመሪያው ደግማ ከፈተችላቸው።

ድርጅቶቹ አፍታ አልቆዩም። ሰው የሙታኑን ሳቅ ለመስማት ግድግዳው ፊት መሰብሰብ ከጀመረ፣ ሙታኑን የበለጠ የሚያስቅ ያሸንፋል። ማስታወቂያዎቹ አጠሩ፣ ፈጠኑ፣ ቀልዳቸው በዛ። ሰዉ ሳቅ ፈልጎ እንደሚሰበሰብ ሲያዩ ተኪዎቹም አብረው ተለወጡ፤ ድሮ ፈገግ በሚሉበት ያስካኩ ጀመር። ያዘኑ ቤተሰቦች ማታ ማታ ተሰባስበው ያዳምጣሉ። አቤኔዘርማ ሥራውን ትቶ እናቱ ቤት ገባ። ረድኤት ተው ልትለው አልቻለችም፤ እሷም አንዳንድ ቀን እየሄደች አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበርና።

አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ሳሉ ቀንዲል አዲስ ማስታወቂያ አወጣ። አንዲት አሮጊት ጓዳዋ ውስጥ ወድቃ ጎረቤት ትጣራለች። ጎረቤቱ ሙዚቃ ከፍቷል። አሮጊቷ በተጣራች ቁጥር እሱ በሙዚቃው ይወዛወዛል፤ እሷ ለመነሳት ስትሞክር ትንሸራተትና ድስት ራሷ ላይ ይወድቃል። «ቀንዲል ቢኖራቸው ኖሮ…» ይላል ድምፁ።

ከራስጌው በኩል አየር ተሳበ። እናታቸው ሳቁ፤ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ፤ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» አሉ።

አቤኔዘር አልሳቀም። የእትዬ ሀሊማ እናት ዓይናቸው ጠፍቶ በነበረበት ዘመን ወይዘሮ እልፍነሽ በየጠዋቱ እየሄዱ ፊታቸውን ያጥቧቸው፣ ያጎርሷቸው ነበር። ሴትዮዋ የወደቁ ቀንም ተሸክመው ያነሷቸው እሳቸው ናቸው፤ ወገባቸው ከዚያ በኋላ ድኖ አያውቅም።

«እማዬ በዚህ አትስቅም» አለ አቤኔዘር።

«አዎ፣ አትስቅም።»

«መቼ ነው እሷ መሆኗ የቀረው? ረዲ፣ ስንት ቀን ነው እኔ ከማላውቀው ነገር ጋር ስስቅ የኖርኩት?»

ረድኤት እጁን ያዘችው። እሱ ኮምፒውተሩን ቀና ብሎ አየ።

«ተው» አለው።

«ምኑን ልተው?»

«ማየቱን። እሷን መሆኑን።»

«ከተውኩ በኋላ ድምፃቸውን መልሼ ማምጣት አልችልም» አለ ኮምፒውተሩ በዚያው ትሕትና። «ልተው?»

አቤኔዘር ወደ እህቱ ዞረ። እንድትናገርለት እንደፈለገ ገባት፤ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ፍርሃት ይዟቸው ነበር። በመጨረሻ እሱ ራሱ «ተው» አለ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

ራስጌው ዝም አለ። ቴሌቪዥኑ ግን የኮምፒውተሩ አካል አይደለምና መናገሩን ቀጠለ። አቤኔዘር ከዱካዋ ላይ ሳይነሳ ግንባሩን አልጋው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየችውም።

ብዙም ሳይቆይ ምክር ቤቱ ተኪ ተመልካቾች በሙሉ እንዲቆሙና ምዘናው በሕያዋን ላይ ብቻ እንዲደረግ አዘዘ። በየሰፈሩ ያኔ እንደገና ለቅሶ ተቀመጡ፤ ድንኳን የተከሉም ነበሩ።

ቀንዲልና ሞገድ የመጨረሻ ማስታወቂያዎቻቸውን አቀረቡ። አቤኔዘር ያን ቀን ረድኤት ቤት ነበር። መጀመሪያ የታየው የቀንዲል ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ ሞገድ መጣ። አንድ ወጣት በባዶ አልጋ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጧል። የአሮጊት ሳቅ ይሰማል። ወጣቱ ቀና ብሎ «ተው» ይላል። ሳቁ ይቆማል። ግንባሩን አልጋው ላይ ይደፋል። «ሞገድ ተው ሲሉት ይተዋል።»

ረድኤት መጀመሪያ ተናደደች፤ ወዲያው ግን እንባዋ መጣ። የእናቷ ቤት ቴሌቪዥን ያን ቀን ያየውን ለቢሮዋ ልኳል፤ ቢሮዋ ደግሞ የተመልካቹን ስሜት ለሁለቱም ድርጅቶች ማካፈል ግዴታው ነው። ወንድሟን ለሞገድ የሰጠው የገዛ መሥሪያ ቤቷ ነው።

«አቤ…» አለች።

«ልጁ ጥሩ ነው» አለ አቤኔዘር፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል። «እኔ ግን ዱካዋ ላይ እንዲያ ቀጥ ብዬ አልተቀመጥኩም።» ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ አቶ ሚፍታህ ረድኤትን ጠሯት። ሞገድ ቀንዲልን በሰፊው አሸንፏል፤ ነገር ግን ካለፈው በኋላ ምክር ቤቱ ስሜቱ የእውነት የሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ የአንድ አድማጭ ምስክርነት ጠይቋል። ከገንደ ቆሬ ጀምራ ሰፈር በሰፈር አዳመጠች። ለቅሶ ነበር። አንዲት ሴት ንፍጧን ትስባለች። አንድ ጎልማሳ ለቅሶውን ለመደበቅ ይስላል። አንድ ሕፃን «እማዬ፣ ማን መታሽ?» እያለ ይጠይቃል። ማስታወቂያ ማየት ትተው የነበሩ ሰዎች በየሳሎናቸው ተመልሰው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሙት እያሰበ አልቅሷል። የሚያስመስል አንድም ድምፅ አልሰማችም። በመሐል በጣም ቅርብ የሆነ፣ የሚቆራረጥ የሴት ለቅሶ አገኘችና የማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየች። የራሷ ነበር፤ የትናንት ለቅሶዋ።

አቶ ሚፍታህ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ከኋላቸው፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የሞገዱ ተወካይ ክራቫቱን ያስተካክላል።

«እውነተኛ ነው?» አሏት አቶ ሚፍታህ።

ረድኤት ማዳመጫውን አወለቀች።

«እውነተኛ ነው» አለች።

ውሸት ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለቱ ይቀላት ነበር።