ሙሉ ነው ያለችው ጎማ

እታለም ሁለት ዓመት ሰቆጣ ላይ ጎማ ስትጠግን እንደ ሰው የቆጠራት የለም። የመጣው ሁሉ «ጎሚስታው የት ሄደ?» እያለ እሷኑ ይጠይቃታል። ለስለላ የላካት ቢሮ እንኳ «ሙቀጫ» የሚል የምስጢር ስም ሰጣት እንጂ አላመናትም። አለቃዋ ዓለምነህ የንፋስ መለኪያ ሲያመጣላት «ለምን? እግሬ መች ታመመ?» ብላ መለሰችለት። እታለም ፊደል አልቆጠረችም፤ ጎማ ግን በእርግጫ ታውቃለች።

ምልክቱ ቀላል ነበር። «እንግዳው» የሚሉት የመሣሪያ አሻጋሪ ሾፌር፣ ሸጋው፣ የቢሮው ሰው ነው። የኋላ ግራ ጎማው ባዶ ከሆነ፣ የአሻጋሪዎቹን ስም የያዘው ሚሞሪ ካርድ ውስጡ አለ፤ ትፈታዋለች። ሙሉ ከሆነ አደጋ አለ፤ ታሳልፈዋለች።

ነጩ መኪና ረፋድ ላይ ቆመ። እንግዳው ጋቢና ተቀምጧል።

«እማማ፣ የጎማ ንፋስ ቢጫ መብራት በራብኝ። የኋላ ግራውን ጎማ ይዩልኝ» አለ ሸጋው።

በእግሯ መታችው። አልተኛም። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ሙሉ ነው። መብራትህ ቀባጣሪ ነው፤ ሂድ!»

የሸጋው ፊት አመድ መሰለ።

ሄዱ።

ዱካውን አቧራው ላይ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያ ጎማ ሁለት ጠርዝ ብቻ አፈሩን ሰርስሮታል። ባዶ ነበር! ጎኑ እንደ ግንብ የደነደነ፣ ንፋሱ ቢያልቅም ቆሞ የሚሄድ ጎማ እንዳለ ዓለምነህ ነግሯት ነበር። አልሰማችውም።

በባጃጅ ዳገቱ ሥር ደረሰችባቸው።

«ተመለሱ! ጎማው ባዶ ነው!»

እንግዳው ወረደ። እጁ ጃኬቱ ውስጥ ገባ።

«ቅድም ሙሉ ነው አላልሽም፣ አንቺ አሮጊት?»

«ተሳሳትኩ» ብትል ያበቃ ነበር። አንዲት ቃል።

ምላሷ እምቢ አላት።

«ሾፌርህ ነዋ! ሙሉ ነው በይ ብሎ የጠቀሰኝ!»

እንግዳው ወደ ሸጋው ዞረ።

ተመልሰው ጎማው እሷ ዘንድ ተፈታ። ካላማዳሪ፣ የውስጥ ላስቲክ፣ የለውም፤ በባዶው ሲሄድ ውስጡ ተፈጭቶ ጥቁር ዱቄት ሆኗል። ሸጋው የሰካውን ምስማር ነቀለች። ከውስጥ ስትለጥፍ ካርዱን በመዳፏ ሸሸገች። ንፋስ ሞላች። ቢጫው መብራት ጠፋ።

እንግዳው ራሱ ነዳ። ሸጋው እጁ ታስሮ ከኋላ ተቀምጧል። አያት። አላጋለጣትም።

በሦስተኛው ቀን የሸጋው አስከሬን አምደወርቅ መንገድ ዳር ተገኘ።

ዓለምነህ ጎማ የሚያስጠግን መስሎ መጣ። ዳገቱ ሥር ያለችውን ከባጃጁ ሾፌር ሰምቷል። ካርዱን ሰጠችው።

«እንግዳውን በዚህ እንይዘዋለን። ጎበዝ ነዎት፣ እማማ። ሸጋው ግን በጥቅሻው ራሱን አጋለጠ፤ ሪፖርቱ ላይ አስፍሬዋለሁ።»

ነገም እዚሁ ቁጭ ትላለች፤ ነገም ጎሚስታው የት ሄደ ይሏታል። ይበሏት። አንገቷን ደፋች፤ መልሳም ቀና አደረገችው።

«ሰርዘው! እኔ መጻፍ አልችልም፤ አንተ ጻፍ። ሸጋው አልጠቀሰም፣ የዋሸችው እሷ ናት በል። ‹ሙቀጫ› ብለህ እንዳትሸፋፍነኝ፤ እታለም በል። ከዚያ እዚሁ ፊቴ ቆመህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»